እሳትን ወረቀት ውስጥ ማን አስቀመጠው?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ የጓደኛችንን ልደት ግቢ ውስጥ ልናከብር ተሰባሰብን። እቅዳችን ቀላል ነበር። ዘይቱኑ ዛፍ ላይና በአጥሩ ዙሪያ የወረቀት ፋኖስ እንሰቅላለን፣ እራታችንን ደጅ እንበላለን፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እስኪጥለን ወሬ። ፋኖሱን ደግሞ አንገዛም፤ ራሳችን እንሠራዋለን።

ሠራነውም። ፊኛ ነፋን፣ ስስ ወረቀት በቁራጭ በቁራጭ ቀደድን፣ በዱቄት ሙጫ እየነከርን ፊኛው ላይ ለጠፍን። በማግስቱ ሙጫው ሲደርቅ ፊኛውን በመርፌ ጠቅ አደረግነው። የቀረው ባዶ የወረቀት ኳስ ነው። 12 ሠርተን 9ኙ ደህና ወጡ፤ 3ቱ ዱባ መሰሉ፤ ሰቀልናቸው።

የመጀመሪያውን ስንለኩሰው ግን ነደደ። ሻማው ትንሽ ዘመም አለ፣ ወረቀቱ ቦግ አለ፣ አለቀ። የግቢው ባለቤት እማማ በረንዳቸው ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ያዩን ነበር።

«ልጆቼ፣ እሳትን ወረቀት ውስጥ ማስቀመጥን ማን አስተማራችሁ?» አሉን።

ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ጥያቄው እዚያው ቀረ። እውነትም ማን አስተማረን? ኢንተርኔት ብሎ መገላገል ይቻላል፤ ግን ኢንተርኔቱንስ ማን አስተማረው? መልሱን ፍለጋ ስናነብ ሁለት ሳምንት ከረምን። የጌጥ ታሪክ እናገኛለን ብለን ነበር። ያገኘነው የጦርነት ታሪክም ጭምር ሆነ። እነሆ ብለናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉም እቃውም እንግዳ ነው

«ፋኖስ» የሚለው ቃላችን ግሪክ ነው፤ ዐረቦቹም «ፋኑስ» ይሉታል። «ወረቀት» ደግሞ ከዐረብኛው «ወረቃ» የመጣ ሲሆን፣ እዚያ ቅጠልም ወረቀትም ማለት ነው። ሁለቱም ቃላት በእንግድነት መጥተው ቤተኛ የሆኑ ናቸው። የእኛ ሰው ለማታ ብርሃን አጥቶ አያውቅም፤ ለመስቀል ችቦ፣ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ፣ ለቤት ኩራዝ ነበረው። ወረቀት ግን ለመብራት የሚባክን ነገር አልነበረም። መጽሐፉ ራሱ በብራና ይጻፍ ነበርና።

የወረቀት አገሩ ቻይና ነው። በ105 ዓ.ም. ካይ ሉን የተባለ የቤተ መንግሥት ሹም ወረቀት የሚሠራበትን ዘዴ ለንጉሠ ነገሥቱ እንዳቀረበ የቻይና ታሪክ ይናገራል፤ ከዚያ የሚቀድሙ የወረቀት ቁርጥራጮችም በቁፋሮ ተገኝተዋል። ቻይናዎች እስከ ዛሬ አዲሱ ዓመታቸው በገባ በ15ኛው ቀን፣ ጨረቃዋ ሙሉ ስትሆን፣ ደጅ ወጥተው የፋኖስ በዓል ያከብራሉ። ወረቀቱ ወደ ጃፓን የተሻገረው በ7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው።

ለመሆኑ እሳትን የሚያህል ነገር በወረቀት መሸፈን ምን ይጠቅማል? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ወረቀት ነፋስ ይከላከላል፤ ደጅ የተለኮሰ ሻማ ያለ ከለላ አንድ ሽው ቢልበት ጠፋ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ወረቀት ብርሃኑን ይበትነዋል። እርቃኑን የቆመ ሻማ ዓይን ይወጋል፣ ጥቁር ጥላም ይጥላል። በወረቀት ውስጥ ሲያልፍ ግን ኳሱ በሙሉ ይበራል፤ በዙሪያው የተቀመጠ ሰው ፊትም ይለሰልሳል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ትኩሱ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከላይ መኖር አለበት። እኛ ያን ረስተን ነበር።

ጊፉ

በጃፓን መሃል ናጋራ በሚባል ወንዝ ዳር ጊፉ የተባለች ከተማ አለች። በአቅራቢያዋ ሚኖ የሚባል አካባቢ ከጥንት ጀምሮ ወረቀት ይሠራል። ወረቀቱ ደብተራችንን አይመስልም። ኮዞ ከሚባል የቁጥቋጦ ልጥ ይሠራል፤ ልጡ ይቀቀላል፣ ይደበደባል፣ ውሃ ውስጥ ይበተንና በወንፊት ይወጣል። ክሮቹ ረጃጅም ስለሆኑ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ ወረቀቱ ብርሃን እስኪያሳልፍ ስስ ቢሆንም በቀላሉ አይቀደድም። በእጅ የሚሠራው የሚኖ ወረቀት በ2014 ከሌሎች ሁለት የጃፓን ወረቀቶች ጋር ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ወረቀት ካለ፣ ቀርከሃ ካለ፣ ፋኖስ አለ። የጊፉ ባለሙያ መጀመሪያ ከብዙ የእንጨት ሳንቃዎች የተገጣጠመ ቅርጽ ያቆማል። በስሱ የተሰነጠቀ ቀርከሃ በቅርጹ ዙሪያ ከላይ እስከ ታች ይጠመጥማል። ወረቀቱን በቁራጭ በቁራጭ ቀርከሃው ላይ ይለጥፋል። ሲደርቅ የእንጨቱን ቅርጽ ውስጥ ለውስጥ ይፈታና በፋኖሱ አፍ አንድ በአንድ ይመዝዘዋል። የሚቀረው ቆዳና የጎድን አጥንት ብቻ ነው፤ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ ይተኛል፣ ሲፈለግ ይዘረጋል።

ልብ በሉ፣ ይህ የእኛ ፊኛ ነው! እነሱ እንጨቱን ይመዝዛሉ፣ እኛ ፊኛውን እናፈነዳለን። እማማ «ማን አስተማራችሁ?» ያሉት ጥያቄ ግማሽ መልሱን እዚህ አገኘ።

የጊፉ ፋኖስ ዋና ገበያው በበጋ የሚውለው የሙታን መታሰቢያ ነበር። ኦቦን ይሉታል። የሞቱ ዘመዶች በእነዚያ ቀናት ቤታቸውን ሊጎበኙ ይመጣሉ ተብሎ ስለሚታመን፣ መንገዱ እንዳይጠፋባቸው ፋኖስ ይበራላቸዋል። ናጋራ ወንዝ ላይ ደግሞ ከ1,300 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የማታ አሣ ማጥመድ አለ። አጥማጁ ጀልባው አፍንጫ ላይ በብረት ቅርጫት እሳት ያነዳል፤ በገመድ የያዛቸው ጥቁር የውሃ ወፎች እየጠለቁ አሣውን ያወጡለታል፤ አንገታቸው ላይ የታሰረው ገመድ ትልቁን አሣ እንዳይውጡት ያግዳቸዋል። ተመልካቹ ፋኖስ በተሰቀለባቸው ጀልባዎች ተቀምጦ ያያል። ይህን ትዕይንት ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

ያው ወረቀት፣ ያው ሙጫ

1944 ደረሰ። ጃፓን ጦርነቱን እየተሸነፈች ነው፤ የአሜሪካን ምድር የሚደበድብ አውሮፕላን የላትም። ጦሩ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ በወረቀት እንደብድባት።

ቀልድ አይደለም። ከኮዞ ልጥ የተሠራ ወረቀት በሉህ በሉህ እየተደራረበ፣ የጎደሬ ዘመድ ከሆነ ኮንያኩ ከሚባል ተክል ሥር በሚወጣ ሙጫ እየተጣበቀ፣ 10 ሜትር ስፋት ያለው ትልቅ ፊኛ ተሠራ። በሃይድሮጂን ተሞላ፣ ቦንብ ተንጠለጠለበት። ከፍ ብሎ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ውቅያኖሱን አሻግሮ አሜሪካ ያደርሰዋል ተባለ። ሉሁን ከሉህ ካጣበቁት መካከል ብዙዎቹ ከትምህርት ገበታ ላይ የተነሡ ልጃገረዶች ናቸው። ሰፊ ወለል ስለሚያስፈልግ ትምህርት ቤቶችና ቲያትር ቤቶች ሳይቀሩ ፋብሪካ ሆኑ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን እኛ። ወረቀትም ሲያብር ቦንብ ተሸክሞ ፓስፊክን ተሻገረ።

ከኅዳር 1944 እስከ ሚያዝያ 1945 ድረስ ወደ 9,300 ያህል ፊኛ ተለቀቀ። ሰሜን አሜሪካ ደርሰው መገኘታቸው የተመዘገበው 300 ገደማ ናቸው። ትልቁ ጉዳት የደረሰው ሜይ 5 ቀን 1945 ነው። ኦሪገን ውስጥ ብላይ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ሽርሽር የወጡ አምስት ልጆችና አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ጫካ ውስጥ ወድቆ የቆየ ፊኛ አገኙ። ቦንቡ ፈነዳ፤ ስድስቱም ሞቱ። በዚያ ጦርነት በዋናው የአሜሪካ ምድር ላይ በጠላት ጥቃት የሞቱት እነሱ ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ስንደርስ ንባባችን ቆመ። ምክንያቱም የሥራውን ቅደም ተከተል እናውቀዋለን። ወረቀት መቅደድ፣ ሙጫ መቀባት፣ መለጠፍ፣ አየር እንዳያስገባ በጣት መዳበስ። ባለፈው ሳምንት እየተሳሳቅን ያደረግነው ይህንኑ ነው። እነዚያ ልጆችም ዕድሜያቸው ከእኛ ታናናሽ እህቶች አይበልጥም።

በሌላው ወገን የሆነውንም ሳንጠቅስ ብናልፍ ሐቀኞች አንሆንም። ጊፉ በጁላይ 9 ቀን 1945 ሌሊት በአሜሪካ አውሮፕላኖች ተደብድባ ብዙው ከተማ ነደደ። ኦገስት 6 ቀን ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦንብ ወደቀ፤ እስከዚያ ዓመት መጨረሻ ድረስ 140,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል።

የሁለት አገር ልጅ

አሁን ወደ አንድ ሰው እንምጣ። ኢሳሙ ኖጉቺ በ1904 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ጃፓናዊ ባለቅኔ ነው፤ ልጁ ሳይወለድ ወደ አገሩ ተመልሷል። እናቱ አሜሪካዊት ናት። ልጅነቱን ጃፓን አሳለፈ፤ በ13 ዓመቱ ብቻውን አሜሪካ ተላከ። ጃፓን ውስጥ ፈረንጅ፣ አሜሪካ ውስጥ ጃፓናዊ ሆኖ አደገ። አድጎም ቀራጺ ሆነ፤ ድንጋይ፣ እንጨት፣ ብረት ይቀርጻል።

ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፌብሩዋሪ 1942 ባወጡት ትእዛዝ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የሚኖሩ 120,000 ያህል ጃፓናውያንና የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ከቤታቸው ተነቅለው ካምፕ ገቡ። ኖጉቺ ኒውዮርክ ነዋሪ ስለነበረ ትእዛዙ አይነካውም። እሱ ግን በገዛ ፈቃዱ አሪዞና በረሃ ውስጥ ፖስተን ወደሚባለው ካምፕ ገባ። ለእስረኞቹ መናፈሻና መጫወቻ ቦታ ነደፈላቸው። አንዱም አልተሠራም። መግባት ቀላል ነበር፤ መውጣት ግን ወራት ፈጀበት፤ ሰባት ወር ያህል ቆይቶ ወጣ።

በ1951 ጃፓን ሄደ። ሂሮሺማ ውስጥ በሚሠራው የሰላም መናፈሻ የሁለት ድልድዮችን መደገፊያ እንዲሠራ አርክቴክቱ ኬንዞ ታንጌ ጋብዞት ነው። መንገድ ላይ ጊፉ አረፈ። ማታ ናጋራ ወንዝ ላይ በጀልባ ተቀምጦ ቅድም ያዙልን ያልናችሁን የአሣ ማጥመድ ትዕይንት አየ፤ ጥቁር ውሃ፣ የሚነድ እሳት፣ የወረቀት ፋኖስ። የከተማዋ ከንቲባም ልመና አቀረቡለት። የፋኖስ ሙያችን እየደከመ ነውና ለውጭ ገበያ የሚሆን አዲስ ነገር ንደፍልን አሉት።

ኖጉቺ ከነባር የፋኖስ ሠሪዎች ጋር ተቀመጠ። የእጅ ሙያውን አልነካውም፤ ቀርከሃው ቀርከሃ፣ ወረቀቱ ወረቀት፣ የእንጨት ቅርጹም እንዳለ ቀጠለ። የለወጠው ሦስት ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ ይሣል የነበረውን አበባና ሐረግ አስቀርቶ ነጭ ተወው። ሻማውን አውጥቶ አምፖል አስገባበት። ቅርጹንም እንደ ቅርጻ ቅርጽ እንደልቡ አደረገው፤ ክብ፣ ረጅም፣ ጠማማ። ስሙን «አካሪ» አለው፤ በጃፓንኛ ብርሃን ማለት ነው። ምልክቱ የፀሐይና የጨረቃ ሥዕል ነው። በዕድሜው ዘመን ከ100 በላይ ዓይነት ነደፈ። ዛሬም ጊፉ ውስጥ በእጅ ይሠራሉ፤ ተጣጥፈው በጠፍጣፋ ካርቶን ይላካሉ።

ሂሮሺማ ላይ ግን ሁሉ አልቀናውም። ድልድዮቹ ተሠሩ፤ ዛሬም ሰው ይሻገርባቸዋል። ለሙታኑ የነደፈው መታሰቢያ ግን በ1952 ውድቅ ሆነ። ምክንያቱ አሜሪካዊነቱ እንደነበር በሰፊው ይታመናል። ካምፕ ውስጥ የገባው ጃፓናዊ ነህ የሚባሉትን አግዛለሁ ብሎ፣ እዚህ የተከለከለው አሜሪካዊ ነህ ተብሎ!

በዚያው መናፈሻ ጎን በሚያልፈው ወንዝ ላይ በየዓመቱ ኦገስት 6 ማታ የሂሮሺማ ሰዎች የወረቀት ፋኖስ ይለቃሉ። በቀጭን እንጨት ላይ የቆመ ባለ አራት ማዕዘን ወረቀት ነው፤ ባለቀለም፣ ውስጡ ብርሃን ያለው። ወረቀቱ ላይ የሟች ስም ወይም አንድ የሰላም ቃል ይጻፋል። ልማዱን የጀመሩት ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት የራሳቸውን ሙታን ያሰቡ የከተማዋ ሰዎች ናቸው። ከውጭ የሚመጣ እንግዳም ፋኖስ ወስዶ ይጽፋል፤ ዜግነቱን የሚጠይቀው የለም።

ባህሉን አዳነው ወይስ አበላሸው?

ይህን ታሪክ ለጓደኞቻችን ስናወራ ክርክር ተነሣ። ከመሃላችን አንዱ «ሻማውን አውጥቶ፣ አበባውን ፍቆ፣ ምኑን ባህል ሆነ?» አለ። ሌላዋ ደግሞ «ባያደርገው ኖሮ ዛሬ ስለ ጊፉ ታወራ ነበር?» ብላ መለሰችለት።

ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። አዲሱ ፋኖስ በተወደደ መጠን ዓለም በርካሽ ኮርጆታል። ኢኬያን ጨምሮ በየሱቁ የሚሸጠው፣ በየካፌው ጣራ ላይ የሚንጠለጠለው ነጭ የወረቀት ኳስ የዚያ ሥራ የልጅ ልጅ ነው። የሚሰቅለው ሰው ጊፉን አያውቃትም። ሥዕል ያለባቸው የጥንቶቹ ፋኖሶች ግን አልጠፉም፤ በዚያችው ከተማ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ኖጉቺ በ1986 ቬኒስ ላይ በሚካሄደው ታላቅ የጥበብ ዐውደ ርእይ አሜሪካን ሲወክል፣ ከእብነ በረድ ከተሠራ መንሸራተቻ ጋር ያቀረበው እነዚህኑ የወረቀት መብራቶች ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ።

እኛ ግን ከክርክሩ ይልቅ የያዘን ሌላ ነው። በአንድ አገር፣ በአሥር ዓመት ውስጥ፣ ከአንድ ዓይነት ልጥ የተሠራ ወረቀት የሙታን መንገድ መሪ፣ ቦንብ ተሸካሚ፣ ከዚያም የማዕድ መብራት ሆነ። ወረቀቱ አልተለወጠም። ሙያውም አልተለወጠም፤ ሉህ ከሉህ ማጣበቅ ያው ማጣበቅ ነው። ስለዚህ «የእጅ ሙያችን ይጠበቅ» ብሎ መጮህ ብቻውን አይበቃም። ሙያው ለምን ሥራ እንደሚውል የሚያዝዘው ማን እንደሆነ አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል። እዚያ ቲያትር ቤት ወለል ላይ የተንበረከኩት ልጃገረዶች የጠየቃቸው አልነበረም።

መልሳቸውን የሰጡት ከ40 ዓመት በኋላ ነው። በ1987 ያኔ ፊኛውን ከሠሩት ልጃገረዶች አንዳንዶቹ፣ አሁን ትልልቅ ሴቶች ሆነው፣ 1,000 የወረቀት ወፍ አጣጥፈው ብላይ ለሟቾቹ ቤተሰቦች ላኩ። በ1995 ደግሞ ስድስቱ በሞቱበት ቦታ ስድስት የቼሪ ዛፎች ተተከሉ።

ወደ ግቢያችን

ያን ቅዳሜ ማታ የቀሩትን ፋኖሶች ያዳኑልን እማማ ናቸው። «እኛ ኩራዝ ሳናውቅ ያደግን መሰላችሁ?» ብለው ከበረንዳው ወረዱ። ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ አስመጡ፣ አሸዋ አስሞሉ፣ ሻማውን አሸዋው ውስጥ አስተከሉ፣ ቆርቆሮውን በሽቦ ከፋኖሱ ሥር አሳሰሩ። የኳሱን አናት በመቀስ ሰፋ አድርገው ቆረጡልንና አንድ ባልዲ ውሃ አጠገባችን አስቀመጡ። ስምንቱ ደህና ፋኖሶች በሩ። ዱባዎቹም በሩ። መብራት ሄዶ የሰፈሩ ሁሉ በረንዳ ሲጨልም የእኛ ዘይቱን ዛፍ ብቻ ቀረ፤ ጎረቤትም ወንበሩን ይዞ መጣ።

ልትሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ እንግዲህ ሙያው ይኸው ነው፤ አሸዋ፣ ቆርቆሮ፣ ሰፊ አፍ፣ ባልዲ ውሃ። ቀላሉ ደግሞ ካኪ የወረቀት ከረጢት ነው፤ አፉን አጥፋችሁ ሥሩ ላይ ሦስት አራት እፍኝ አሸዋ ትጨምሩና ሻማውን መሃል ላይ ትተክላላችሁ፤ መንገድ ዳር ይደረደራል። ነፋስ ካለና ልጆች ከበዙ ሻማውን ተዉት፣ በባትሪ የሚሠራውን ትንሽ መብራት አስገቡበት። ኖጉቺም ሻማውን አውጥቷል።

ባለፈው እሑድ እማማ ጋ ቡና ልንጠጣ ሄደን መልሱን ነገርናቸው። ስለ ቻይናው ሹም፣ ስለ ጊፉ፣ ስለ ፊኛው፣ ስለ ልጃገረዶቹ። ዝም ብለው ሰሙን። ስለ ብላይ ልጆች ስንነግራቸው ስኒውን አስቀመጡ። ከብዙ ዝምታ በኋላ የጠየቁን አንድ ነገር ነው።

«ወረቀቱን ያጣበቁት ልጆች፣ እናቶቻቸው ያውቁ ነበር?»

ይህንን አላነበብንም ነበር። ለበረንዳቸው አንድ ፋኖስ ልንሠራላቸው ቃል ገብተን ወጣን።